ጥቁር ተወልዶ ነጭ የሚሆነው ፈረስ

በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ የሚታየው በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይናችን ይህን ሥዕል ለምዶ ስለኖረ፣ ነጭ ፈረስ ከእናቱ ሆድ ነጭ ሆኖ የወጣ ይመስለናል። በየሜዳውና በየትርዒቱ የምናያቸው ነጭ ፈረሶች ግን እጅግ አብዛኞቹ ሲወለዱ ጥቁር፣ ዳማ ወይም ቀይ ነበሩ፤ የነጡት ከተወለዱ በኋላ በዓመታት ውስጥ ነው። ይህን ያመጣው ከወላጅ የሚወረስ አንድ የዘረመል ለውጥ ሲሆን፣ ያው ለውጥ ፈረሱን ለቆዳ እጢ በሽታ ያጋልጠዋል። ነጭ ፈረስ የሚወድም፣ የሚገዛም፣ የሚያረባም ሰው ሁለቱን ነገሮች ለያይቶ ማየት የለበትም ብዬ ስለማምን ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የምኖረው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ከቪየና የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። በከተማዋ መካከል፣ በቀድሞዎቹ የሐብስበርግ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1735 ተሠርቶ ያለቀ ሰፊ ነጭ አዳራሽ አለ። የስፓኒሽ ግልቢያ ትምህርት ቤት የሚባለው ተቋም ድንጉላዎቹን የሚያሠለጥነው እዚህ ነው። ፈረሶቹ ሊፒዛነር ይባላሉ፤ ስማቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1580 የፈረስ ማርቢያ ከተቋቋመበትና ዛሬ በስሎቬኒያ ግዛት ከሚገኘው ከሊፒጻ መንደር ነው። ሕዝብ በሚጋበዝበት ትርዒት ላይ የሚታዩት በአብዛኛው በሳል ድንጉላዎች ስለሆኑ ተመልካቹ ከበረዶ የነጣ ፈረስ አይቶ ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት በሚደረገው ልምምድ ላይ የተገኘ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ገና ሥልጠና የጀመሩት ወጣቶቹ አመድማ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጭናቸውና ትከሻቸው ላይ ክብ ክብ ነጣ ያለ ነቁጥ አላቸው፤ የአንዳንዶቹ ጋማ ጥቁር ሆኖ ፊታቸው ብቻ ነጥቷል። በዕድሜ የገፉት ደግሞ በአጠገባቸው ነጭ ሆነው ያልፋሉ። ሁሉም ከአንድ ዘር የመጡ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው የተወለደበት ዓመት ነው።

የለውጡን መነሻ ማየት የፈለገ ከቪየና ወጥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሽታየርማርክ ክፍለ ሀገር መሄድ አለበት። በዚያ ፒበር በተባለ ስፍራ ባዝራዎቹና ውርንጭላዎቻቸው ይኖራሉ። በሜዳው ላይ ሙሉ በሙሉ የነጣች ባዝራ ቆማ፣ ከሆዷ ሥር ጥቁር ውርንጭላ ሲጠባ ሲያዩት፣ ልጁ የሌላ እናት ይመስላል። አንዲት የበረቱ ሠራተኛ ውርንጭላውን ይዛልኝ ቀርቤ እንዳየው ፈቀደችልኝ። ገላው ከሩቅ ሲታይ ነጭ የሚባል ነገር የለበትም። ጣቷን ወደ ዓይኑ ቆብ አስጠግታ ስታሳየኝ ግን፣ በቆቡ ጠርዝ ዙሪያ ቀጫጭን ነጫጭ ጠጉሮች ተሰልፈው አየሁ፤ ዓይኑን በስስ ክር የከበቡት ይመስላሉ። ፈረስ የሚያረቡ ሰዎች የውርንጭላውን የወደፊት መልክ የሚተነብዩት ከዚህ ነው። እነዚህ ጠጉሮች ከታዩ፣ ውርንጭላው ምንም ያህል ጥቁር ቢሆን፣ ሲያድግ መንጣቱ አይቀርም።

ሌላም ምልክት አለ። ጥቁር ሆኖ የሚቀር ውርንጭላ ብዙ ጊዜ ሲወለድ ድምቅ ያለ ጥቁር አይደለም፤ አይጥማ ወይም ቡናማ የሚመስል ለስላሳ ጠጉር ለብሶ ይወለድና ያንን ጠጉር በጥቂት ወራት ውስጥ ሲጥል ትክክለኛው ጥቁረቱ ይወጣል። የሚነጣው ውርንጭላ በተቃራኒው ሲወለድ የጎልማሳ ፈረስ ቀለም የመሰለ ድምቅ ያለ መልክ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ገና በተወለደ ሳምንቱ በጥቁረቱ ተደንቆ «ይህ እንደ ከሰል የጠቆረ ፈረስ ይወጣዋል» ብሎ የሚገዛ ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚያገኘው ነጭ ፈረስ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ለእያንዳንዱ ፈረስ የተለያየ ነው። ውርንጭላው የመጀመሪያ ጠጉሩን ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ መጣል ሲጀምር ከሥር በሚወጣው አዲስ ጠጉር መካከል ነጫጭ ይደባለቃል። ይህ መጀመሪያ በጎላ ሁኔታ የሚታየው በፊቱ ላይ ነው። በየዓመቱ ጠጉሩን በቀየረ ቁጥር የነጩ ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጥቁር የነበረው አመድማ ይሆናል፣ ቀይ የነበረው ደግሞ ለጊዜው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ መልክ ይይዛል። በመካከሉ የሚመጣው ደረጃ ከሁሉም የሚያምረው ነው፤ ጥቁሩ ጠጉር መረብ ሠርቶ በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ነጣ ያሉ ክበቦች ይታያሉ። ብዙ ፈረስ ወዳዶች ይህን መልክ ወደው ይገዙና በዚያው ይቆይልናል ብለው ይጠብቃሉ፤ ነገር ግን ክበቦቹ እየሰፉ ሄደው መረቡን ይውጡታል። ሊፒዛነሮች አብዛኞቹ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ሙሉ በሙሉ ይነጣሉ። የእግራቸው መገጣጠሚያዎች፣ ጋማቸውና ጭራቸው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። አንዳንድ ፈረስ ከነጣ በኋላ ደግሞ በገላው ላይ ጥቃቅን ቡናማ ወይም ቀይ ጠብታዎች ብቅ ይላሉ፤ እነዚህ በአረብ ፈረሶች ዘንድ በጣም የተለመዱ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር የፈረስ እሽቅድድምን የሚከታተሉ ሰዎች ይህን ለውጥ በአንድ ፈረስ ሕይወት ላይ በዓይናቸው አይተውታል። ዴዘርት ኦርኪድ የተባለው ዝነኛ ፈረስ እ.ኤ.አ. በ1979 ተወለደ፤ በወጣትነቱ ሲሮጥ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ጠቆር ያለ አመድማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በቼልትናም የወርቅ ዋንጫን ሲያሸንፍ ነጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሞት ደግሞ ከነጭ በቀር ሌላ ቀለም አልነበረውም። ሕዝቡ ከወደደው ምክንያት አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ በጭቃማው ሜዳ ላይ ከሌሎቹ መካከል ተለይቶ ይታይ ነበር።

ወደ ምክንያቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ የሚነጣው ጠጉሩ እንጂ ቆዳው አይደለም። የነጣ ፈረስ ሲታጠብ የቆመበት ቦታ የተገኘ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ውኃው ጠጉሩን ከገላው ጋር ሲያጣብቀው ከሥሩ ያለው ጥቁር ቆዳ ይወጣና ፈረሱ በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ቅልቅል ያለበት አመድማ ይሆናል። በአፍንጫው ዙሪያ፣ በዓይኑ ቆብና በጭራው ሥር ጠጉር በሌለበት ቦታም ቆዳው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከነጩ ጠጉር ሥር ሮዝ ቆዳ ያለው ፈረስ ሌላ ነው፤ እርሱ ከጅምሩ ቀለም ሰሪ ሕዋሳት የሌሉት ወይም ቀለሙን የሚያቀጥን ሌላ ዘረመል የወረሰ ነው፤ ነጭ ወይም ክሬም መሳይ ሆኖ ተወልዶ በዚያው መልኩ ይኖራል። እንዲህ ያለው ፈረስ በቁጥር በጣም ጥቂት ነው።

የፈረስ ጠጉር ቀለሙን የሚያገኘው ሜላኖሳይት ከተባሉ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በእያንዳንዱ ጠጉር ሥር ተቀምጠው ሜላኒን የተባለውን ቀለም እየሠሩ ለሚያድገው ጠጉር ያቀብላሉ። ጠጉሩ ሲረግፍ የሚሠሩት ሕዋሳት አብረው ያልቃሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ጠጉር ሲበቅል ከዚያው አጠገብ በመጠባበቂያነት ከተቀመጡት ግንደ ሕዋሳት አዲስ ሜላኖሳይቶች ይፈጠራሉ። ሥርዓቱ በትክክል ሲሠራ መጠባበቂያው ለፈረሱ ዕድሜ ልክ ይበቃል። በሚነጣው ፈረስ ላይ ግን ሕዋሳቱ ከመጠን በላይ እንዲራቡና እንዲሠሩ የሚገፋፋ ትእዛዝ አለ። ውርንጭላው ሲወለድ ድምቅ ያለ ቀለም የሚይዘው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለዘር ያስቀመጠውን እህል ሳይቀር በአንድ ክረምት ዘርቶ እንደጨረሰ ገበሬ፣ የጠጉሩ ሥር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጠባበቂያውን ያሟጥጥና ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ጠጉር ቀለም የሚሰጠው አጥቶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ተመራማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚቀበሉት ማብራሪያ ይህ ነው።

ትእዛዙ የት እንደተጻፈ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሌፍ አንደርሾንና ባልደረቦቻቸው በፈረስ 25ኛ ክሮሞሶም ላይ፣ ኤስቲኤክስ 17 በተባለው ዘረመል ውስጥ፣ 4,600 ያህል ፊደላት ያሉት የዲኤንኤ ክፍል ተደግሞ መጻፉን አገኙ። የተደገመው ክፍል ራሱ ፕሮቲን የሚሠራ አይደለም፤ በሜላኖሳይቶች ውስጥ ኤስቲኤክስ 17ንና ጎረቤቱን ዘረመል ከሚገባው በላይ እንዲሠሩ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ነው። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። ከልዩ ልዩ ዝርያ በተወሰዱ የነጡ ፈረሶች ሁሉ ላይ የተገኘው ያው አንድ ለውጥ ነው። የአረቡም፣ የስፔኑም፣ የሊፒጻውም ነጭ ፈረስ ሰው ፈረስን ካላመደ በኋላ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከኖረ ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት የወረሰው ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ የተፈጠረ ለውጥ በዚህ ስፋት ሊዛመት የቻለው ሰው ወዶ ስላራባው ነው፤ ነጭ ፈረስ በዱር ቢሆን ለአውሬ የተጋለጠ ነው፣ በነገሥታት ደጅ ግን ከሁሉ የሚመረጥ ነበር።

ውርሱ ቀላል ነው። ለውጡ የበላይነት ስላለው ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረሱ ለመንጣት ይበቃል። ከዚህ የሚከተለው ደንብ እንዲህ ነው፦ የሚነጣ ፈረስ ቢያንስ አንድ የሚነጣ ወላጅ ሊኖረው ግድ ነው። እናትና አባቱ ሁለቱም ዳማ ሆነው በዚያው የኖሩ ከሆነ ልጃቸው ሊነጣ አይችልም፤ ነጣ ከተባለ አባቱ ሌላ ነው። ሁለቱም ወላጆች ነጭ ሆነው እያንዳንዳቸው ለውጡን በአንድ በኩል ብቻ የያዙ ከሆነ ግን ከአራት ውርንጭላ አንዱ ለውጡን ሳይወርስ ተወልዶ በመጀመሪያ ቀለሙ የመኖር ዕድል አለው። ከነጮቹ ሊፒዛነሮች መካከል አልፎ አልፎ ዳማ የሚወለደው በዚህ ምክንያት ነው። በቪየና እንዲህ ያለ ዳማ ድንጉላ በትምህርት ቤቱ ማቆየት ገድ ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን ልማዱ እስከ ዛሬ ተጠብቋል።

ይህን ደንብ ያወቅሁት አጎቴ አንድ ጊዜ ከገጠመው ነገር በኋላ ነው። አጎቴ የሚኖረው በአዊ ነው፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ላይ በፈረስ ይሰለፋል። ከገበያ የገዛው ጠቆር ያለ ፈረስ ከዓመታት በኋላ ዳለቻ ሆኖ ሲታይ፣ ከሰልፉ ጓደኞቹ አንዱ «አያ፣ ያን ጥቁሩን ሸጠህ ይህን አመጣህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። አጎቴ «ፈረሴ ያው ነው፤ ጠጉሩ ነው የተለወጠው» ቢልም ያመነው ጥቂት ሰው ነው፤ አንዳንዱ ፈረሱ ታሟል አለ፣ አንዳንዱ መኖው አነሰው አለ። በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ላይ ቅሬታ ነበረበት። ፈረሱ አልታመመም፤ መኖም አላጠረውም። ሲገዛው ዓይኑ ዙሪያ ቢታይ ኖሮ ምልክቱ ያኔም ነበረ።

የመኖ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ከዘር ውጭ የሆኑ የቀለም ለውጦችም እንዳሉ መካድ አይገባም። ጥቁር ፈረስ በፀሐይና በላብ ብዛት ቀለሙ ወደ ቡናማ ይሸሻል፤ መዳብ በመኖው ውስጥ ያነሰው ፈረስም መልኩ ይደበዝዛል። እነዚህ ግን ጠጉሩ ሲቀየር ወይም መኖው ሲስተካከል የሚመለሱ ናቸው። የማይመለሰው ገጣባ የተወው ነጭ ጠጉር ነው። ኮርቻ ወይም የጭነት ዕቃ ለረጅም ጊዜ የተጫነው ወይም ያቆሰለው ቦታ ቀለም ሰሪ ሕዋሳቱ ስለሚሞቱ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚበቅለው ጠጉር ነጭ ይሆናል። በከተሞቻችን መንገድ ላይ በሚያልፉ የጋሪ ፈረሶች፣ በገበያ በሚታዩ በቅሎዎችና አህዮች ጀርባ ላይ የምናየው ነጭ ጠቃጠቆ ይህ ነው፤ እንስሳው በማን እጅ እንዴት እንደኖረ የሚመሰክር ስለሆነ ገዢ ሁሉ ቢያየው ይጠቅመዋል። በአንዳንድ አገሮች ይኸው ባሕርይ ሆን ተብሎ ለመለያ ምልክት ይውላል፤ እጅግ በቀዘቀዘ ብረት ቆዳው ሲነካ ሕዋሳቱ ይሞቱና ቁጥሩ በነጭ ጠጉር ተጽፎ ይቀራል።

ነጥብጣብ ያላቸው የአፓሉሳና የክናብስትሩፕ ፈረሶችም በዕድሜ ይለወጣሉ፤ የእነርሱ ግን ዘረመሉ ሌላ ነው፣ ቲአርፒኤም 1 ይባላል። በአጥንታቸው ጎልተው በሚታዩ ቦታዎች ላይ ጥቁረቱ ሲቀር የቀረው ገላቸው እየነጣ ይሄዳል። ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱት ደግሞ በሌሊት ማየት ይሳናቸዋል። ያረጀ ጥቁር ወይም ዳማ ፈረስ በዓይኑ በላይና በፊቱ ላይ የሚያወጣው ጥቂት ሽበት በእርግጥ የእርጅና ነው፤ መላ ገላውን ግን አያነጣውም። የፈረስን ዕድሜ ማወቅ የፈለገ ጥርሱን ይይ፤ በጠጉሩ ንጣት የሚገምት ሰው የስድስት ዓመቱን ፈረስ ከሃያ ዓመቱ አይለየውም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ከጠጉሩ ሥር ያለው መጠባበቂያ ሲያልቅ ትእዛዙ አብሮ አያልቅም። ጠጉር በማይበቅልባቸው ወይም ስስ በሆነባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በጭራው ሥር፣ በፊንጢጣው ዙሪያ፣ በብልቱ አካባቢ፣ በከንፈሩና በዓይኑ ቆብ ላይ፣ ሜላኖሳይቶቹ አሁንም እየተገፉ ይራባሉ። በዚህ የተነሣ ሜላኖማ የተባለው ጥቁር እጢ ይወጣል። የእንስሳት ሕክምና ጽሑፎች ብዙ ጊዜ እንደሚያመለክቱት፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ካለፈ የነጡ ፈረሶች ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ያለ እጢ ይኖራቸዋል። ከጆሮ ሥር ባለው የምራቅ እጢ አካባቢም ይወጣል፤ እዚያ ሲያብጥ ፈረሱ አንገቱን ማጠፍ ያስቸግረዋል። አብዛኞቹ እጢዎች በዝግታ የሚያድጉ ስለሆኑ ፈረሱ ለብዙ ዓመታት ሳይቸገር ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ሊፒዛነሮችም እጢውን ይዘው እየሠሩ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ሆኖም ከእጢዎቹ የተወሰኑት ባሕርያቸውን ለውጠው ወደ ውስጥ አካል ይዛመታሉ። በጭራው ሥር ያሉት እየተያያዙ ሲያድጉ ደግሞ ፈረሱ ፋንድያ ለመጣል የሚቸገርበት ጊዜ ይመጣል፤ ቁስሉ ከፈነዳ ዝንብ ያሰቃየዋል።

ከሁለቱም ወላጆቹ ለውጡን የወረሰ ፈረስ ቶሎ ይነጣል፣ ሲነጣም ንጹሕ ነጭ ይሆናል፤ በእጢው ግን ከሌሎቹ ይበልጥ ይጠቃል። መሠረተ ቀለሙ ጥቁር የሆነም አደጋው ከፍ ይላል። እንግዲህ አርቢው ለዓመታት በጣም የነጣውን ከበጣም የነጣው ጋር ሲያዳቅል የኖረው፣ ሳያውቀው በሽታውንም እየመረጠ ነው። ሊፒዛነሮች በጥንቱ ዘመን ዳማም፣ ጥቁርም፣ ቡራቡሬም ነበሩ፤ ነጩ ብቻ እንዲቀር ያደረገው የሐብስበርግ ቤተ መንግሥት ምርጫ ነው። የሊፒዛነር አረባብ ባህል እ.ኤ.አ. በ2022 በስምንት አገሮች ስም በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ክብሩ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ባህሉን የማክበር ግዴታ ውስጥ ዳማውን ውርንጭላ እንደ ጉድለት አለመቁጠርም መግባት አለበት። ያ ዳማ ከእናቱ ውበትና ብልሃት ሳይጎድልበት የተወለደ፣ ከእጢው ስጋት ግን የተረፈ ፈረስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ከአንደርሾን ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ይዟል። በአየርላንድ የሚረቡት የኮኔማራ ፈረሶች መካከል የሚነጡት ሁሉ እኩል አይፈጥኑም፤ አንዳንዶቹ ለብዙ ዓመታት ዳለቻ ሆነው ይቆያሉ። ጥናቱ ምክንያቱን አገኘ። ያ የተደገመው የዲኤንኤ ክፍል በሁሉም ፈረስ ላይ እኩል የተደጋገመ አይደለም፦ መደበኛው ፈረስ አንድ፣ በዝግታ የሚነጣው ሁለት፣ በፍጥነት የሚነጣው ሦስት ቅጂ አለው። ከፍተኛው የሜላኖማ ጣጣ ያለውም በሦስት ቅጂው ላይ እንጂ በሁለቱ ላይ አይደለም። ስለዚህ ዳለቻ ፈረስ የሚወድ አርቢ የዘረመል ምርመራ አስደርጎ በዝግታ የሚነጣውን መምረጥ ይችላል። ንጹሑን ነጭ ለማየት ከመቸኮል ይልቅ ያ ነቁጣም ዳለቻ መልክ ለዓመታት ሲቆይ ማየት ለእኔ የተሻለ ነው።

ምርመራው በማይገኝበት አገር ላለ ባለቤትም የሚደረግ ነገር አለ። የነጣ ወይም እየነጣ ያለ ፈረስ ያለው ሰው፣ ገና ከአምስትና ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ፣ ጠጉሩን ሲያበጥር ጭራውን ቀና አድርጎ ሥሩን በእጁ ይዳስስ። እጢው ትንሽ ሳለ በቢላ ማውጣት ወይም በቅዝቃዜ ማቃጠል ለእንስሳት ሐኪሙ ቀላል ነው፤ ተያይዞ ትልቅ ከሆነ በኋላ ግን ቆዳውን መልሶ መግጠም እንኳ ያስቸግራል። ፈረሱ እንዳይደነግጥ ከጎኑ ቆሞ፣ አንድ እጅን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ በሌላው ጭራውን ከሥሩ ይዞ ቀስ ብሎ ማንሣት ይሻላል። ከንፈሩን፣ የዓይኑን ቆብና ከጆሮው ሥር ያለውን ጉንጭም እንዲሁ መዳሰስ ያስፈልጋል። የተገኘው እጢ ቦታና መጠኑ ከቀኑ ጋር ቢመዘገብ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማደጉን ወይም ባለበት መቆየቱን ለማወቅ ያስችላል። የሽያጭ ውል ሲጻፍም ቀለሙን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ «ጥቁር» ተብሎ የተጻፈው ፈረስ ከአምስት ዓመት በኋላ በመልኩ አይገኝም። በአውሮፓ ፈረሶች በቆዳቸው ሥር በሚቀበር ማይክሮቺፕ ይለያሉ፤ ያ በሌለበት ግን ከጠጉሩ ጋር የማይለወጡትን፣ ማለትም ከሥሩ ሮዝ ቆዳ ያለውን የግንባር ቦቃና የእግር ነጭ፣ የጠጉሩ አዙሪት ያለባቸውን ቦታዎችና የቆየ ጠባሳ ካለም እርሱን፣ ሻጩና ገዢው በተገኙበት አንድ በአንድ ማስፈር ይገባል።